ባሕር የለንም ያሉት እንደራሴ

የመርከብ ወሬ ከጅዳ ወደብ ተነሥቶ እኔ የምኖርበት ሰፈር ሂንዳዊያ እስኪደርስ መርከቡን መንገድ ላይ ያሰምጠዋል። ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ ቃል በቃል ይስሙኝ። መርከቡ ሰመጠ አላልሁም፤ ቆመ ነው ያልሁት! ወዳጄ ሐጂ ሰይድ ሳያጣሩ ከመካ፣ ከዛሂር ሰፈር ደውለው «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብለውኛል። ማን ሞተና?

የቆመው የእህቴ ልጅ የፀሐይ ባል፣ ጌታቸው፣ የሚሠራበት የጭነት መርከብ ነው። ባለንብረቱ መርከቡን ከነሰዎቹ ጥሎ ጠፋ። መርከቡ ነዳጅ የለውምና አይሄድም፤ ጌታቸው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውምና አይወርድም። ፀሐይም በዚሁ በጅዳ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ማዳሟ ዓርብ ስትለቃት ባሕር ዳር ቆማ ባሏን፣ ማለትም የመርከቡን ጭስ ማውጫ፣ አይታ ትመለሳለች። ይህም ትዳር ይባላል?

አንድ ዓርብ እኔ ቤት ሳለች፣ የአገር ቤት ቴሌቪዥን ምክር ቤቱ የመርከበኞችን መብት ስምምነት ለማጽደቅ እንደሚወያይ ተናግሮ ውይይቱን በቀጥታ ያሳይ ጀመር። ፀሐይ ደረቷን ያዘች። «ጋሼ፣ በቁሙ ሊያጸድቁት ነው?» መጽደቅ በእርሷ ዘንድ ሞቶ ገነት መግባት ነዋ! ምክር ቤት የሚያጸድቀው ወረቀት እንጂ ነፍስ አለመሆኑን በሰዋስው አስረዳኋት። ስምምነቱ የተጣለ መርከበኛ ወደ አገሩ እንዲመለስ እንደሚያዝም ነገርኋት። ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው ቆማ ታደምጥ ጀመር።

ጎረቤቴ ኢንጂነር ተስፋዬ ግን ሶፋዬ ላይ ተንጋሎ፣ «ባሕር ለሌላት አገር የባሕር ሕግ? ጅዳ ላይ ካፖርት እንደ መግዛት ነው እኮ!» ሲል አላገጠ። ዝም በል ልለው ስል አንድ የተከበሩ እንደራሴ ተነሡና «ለመሆኑ የትኛው ባሕራችን?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሩም አብሮ ፈረሰ። ስምምነቱ በይደር ታለፈ።

ፀሐይ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ በእኛ ነው የሳቁት?»

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። እርሷም ማዳሟ እንዳትቆጣ ብላ ዐባያዋን ደርባ ወጣች። ኢንጂነሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ኻላስ ጋሼ፣ ቀልድ ነው፤ አይቀየሙ» አለኝ።

ባሕር እንደሌለን ካርታ ማንበብ የማውቅ ሰው ነኝና እቀበላለሁ። ባሕር ላይ ሰው የለንም መባሉን ግን አልተቀበልሁም።