ከጣራ ላይ የሚሸኝ ሰው

አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬውን አቋርጦ ካሜራ የሚያነሳ ጎረቤት አላችሁ? እኔ አለኝ። የመካኒሳው ጌታሁን ለቅሶ ተቀምጦ እንኳ የሞተር ድምፅ ከሰማ ከድንኳኑ ይወጣል።

እህቱ ዱባይ ስትሄድ ዘመድ ሁሉ ሚኒባስ ተከራይቶ ቦሌ ድረስ ሸኛት። እሱ የኮንዶሚኒየማችን ጣራ ላይ ወጣ።

«እናንተን በር ላይ ይመልሷችኋል፤ እኔ እስከ ደመናው እሸኛታለሁ» አለ። ታዲያ ዘመድ እንዴት አያኮርፈው?

ማታ ልጠይቃቸው ስገባ እናቱ ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ ተቀምጠዋል። ጌታሁን ያነሳውን አውሮፕላን አሳያቸው።

«የቱ ጋ ናት ልጄ?» አሉት።

አንዷን መስኮት አጉልቶ ጠቆማቸው። እማማ ካሜራውን ሳሙት።

ስወጣ ደረጃው ላይ ተከትሎኝ፣ «የተቀመጠችውስ በወዲያኛው በኩል ነው» ብሎ አንሾካሾከልኝ።

ምን ያወራል? እኔ በዚያች መስኮት እጇን ስታወዛውዝ አይቻታለሁ።