የክቡር ሂራ ካጂ ትንሽ ጥያቄ

የትም አገር ቢሆን ያለዚህ ሰው የሕዝብ ውይይት ተደርጎ አያውቅም። ሻዩ ተጠጥቶ፣ ብስኩቱ አልቆ፣ ሰብሳቢው "እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ..." ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ከኋላ ወንበር እጁን የሚያወጣው ሰውዬ። አዳራሹ በሙሉ "ኡፍ!" ይላል። እሱ ምን ገዶት! ጉሮሮውን ጠራርጎ ይነሳና "አንድ ትንሽ ጥያቄ አለችኝ" ይላል። ትንሽ ሆና አታውቅም።

እኛ የምንኖረው በካትማንዱ ሸለቆ ካሉት አሮጌ ከተሞች በአንዱ ነው፤ ለሰፈራችን የደረሱን ክቡር ሂራ ካጂ ናቸው። ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ እንጂ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ጥያቄያቸው ከጉርምስናዬ ጀምሮ አንዲት ናት፤ "ሬሳው በየት ይወጣል?"

አትሳቁ። እኛ ዘንድ ሬሳ ባሻው መንገድ አይወጣም። ዋናው ጎዳና የአማልክቱ ሰረገላ የሚጎተትበት ስለሆነ ለሟች ክልክል ነው። ሟች የሚወጣው በሰፈሩ ጓሮ ዞሮ ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ነው፤ ቃሬዛውን የሚሸከሙትም አራት የእድር ሰዎች ናቸው። ክቡርነታቸው ታዲያ ይህ ነገር እንዳይረሳ ብለው በቃሬዛ ቁመት ልክ ቀርከሃ ቆርጠው፣ እሱን እንደ ከዘራ ይዘው ይዞራሉ።

የመንገድ መብራት ሊተከል ባለሙያዎች መጡ። ሰፈሩ እልል አለ። እሳቸው፣ "መብራቱስ ተባረኩ፤ ምሰሶው የት ነው የሚቆመው?" አሉ። "ዳር ላይ ነዋ፣ አባት።" "የት ዳር? ሬሳው በየት ይወጣል?" ስለ ሕዝብ መጸዳጃ ስንወያይ ሬሳ። ስለ ዛፍ ተከላ ስንወያይ ሬሳ። የእህቴ ልጅ ስትዳር ደግሞ የድግሱ አዳራሽ በር ላይ ቀርከሃቸውን አጋድመው ሲለኩ የሙሽራዋን ሻሽ ጠልፈው ጣሉት። ይቅርታ እንኳ ሳይሉ፣ "እንኳን ደስ አላችሁ፣ በሩ ያሳልፋል" አሉ። እህቴ እስከ ዛሬ ሰላም አትላቸውም።

ከዚያ አዲሱ ፕላን መጣ። ሰፈሩ የንግድ ቀጠና ይሆናል ተባለ። ፕራቲክ የሚባል ትሁት ወጣት መሐንዲስ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አበራልን፤ በጓሯችን መንገድ ግራና ቀኝ ሱቅ በሱቅ ሆኗል። እኔ ድስትና መጥበሻ ሸጬ የማድር ሰው ነኝ፤ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ከኋላ ቀርከሃው ወለሉን ደቃ።

"አንድ ትንሽ ጥያቄ አለችኝ።"

"አባት፣ በእርስዎ ሞት! አምቡላንስ አለ እኮ!" አለ ፕራቲክ።

"አምቡላንስ የታመመ ነው የሚወስደው። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ሞተው ነው። እዚህ መታጠፊያ ላይ ቃሬዛውን ግድግዳው ይይዘዋል። ሬሳውን እንደ ሩዝ ጆንያ ልናቆመው ነው?"

ክርክሩ እስኪመሽ ቀጠለ። ሻይ ሻጩ ብርጭቆውን ሰብስቦ ሄደ። በመጨረሻ ልጁ ታከተውና፣ "እሺ፣ የሕንጻውን ማዕዘን እንቆርጠዋለን" አለ። እውነትም ቆረጡት። በዕድሜ ልካቸው ያሸነፉት እሱን ብቻ ነው።

የሱቆቹ ዕጣ ሲወጣ ያቺ ማዕዘኗ የተቆረጠ ሱቅ ለማን ደረሰች? ለእኔ! መደርደሪያ አያቆም፣ ጠረጴዛ አያስጠጋ። ገዢ ሁሉ ከድስቱ በፊት፣ "ግድግዳው ምን ሆኖ ነው?" ይለኛል። አንድ ቀን መጥበሻው ሁሉ ተንዶ እግሬ ላይ ሲወርድ ሂራ ካጂን በዚያ ሲያልፉ አገኘኋቸው።

"ዳይ፣" አልኳቸው፤ ታላቅ ወንድምን እንደዚያ ነው የምንጠራው፤ "ለሞተ ሰው ብለው እኔን በቁሜ ገደሉኝ!"

"ታገሥ። ትጠቀምበታለህ" ብለውኝ ሄዱ። እንዴት እንደተናደድኩ!

በክረምቱ አባቴ ሞተ።

ለእድሩ ተደወለ። ድሮ አንድ ሰው ሲሞት ተሸካሚው ተጋፍቶ ትከሻ ይሻማ ነበር። ሱቁ ሲበዛ ኪራይ ናረ፣ ቤቱ የእንግዳ ማረፊያ ሆነ፣ ሰዉም ከቀለበት መንገዱ ወዲያ ወዳሉት አፓርታማዎች ተበተነ። ሦስት ሰው ብቻ ደረሰ። ሌሎቹ "መንገድ ተዘግቶብን ነው" አሉ፤ አልዋሹም። የሟች ልጅ በወጉ መሠረት እሳት ይዞ ከፊት ይሄዳል እንጂ አይሸከምም። እንዲሁ ቆመን ስንተያይ ሂራ ካጂ ቀርከሃቸውን በር ላይ አስደግፈው በአራተኛው በኩል ገቡ። በዚያ ዕድሜያቸው! ማንም ተው ሊላቸው አልደፈረም።

ሱቄ ጋ ስንደርስ ዘወር ብዬ አየሁ። ቃሬዛው በዝግታ ታጠፈ። የቃሬዛው ጫፍ በዚያ በተቆረጠው ግድግዳ በኩል ጣት በማታስገባ ክፍተት ሾልኮ አለፈ። አባቴ አልዘመመም፣ አልቆመም፤ እንደ ተኛ ወደ ወንዙ ወረደ። ቤት ያልመጣልኝ እንባ እዚያ ድስቶቼ ፊት መጣ።

ስንመለስ ወንዙ ዳር እግራችንን እየታጠብን ሳለ ሽማግሌው ትከሻቸውን እያሹ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ድምፃቸው ሰልሏል።

"አንድ ትንሽ ጥያቄ አለችኝ።"

"ይጠይቁ፣ ዳይ።"

"መንገዱስ አለ። እኔን ማን ይሸከመኛል?"

"እኔ አለሁ።"

"አንድ ነህ" አሉኝ።

ሐሙስ ደግሞ ስብሰባ ተጠራ። የቀሩትም የመኖሪያ ቤቶች ወደ ማረፊያ ይቀየሩ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሻዩ ተጠጣ፣ ብስኩቱ አለቀ። ሂራ ካጂ አጠገቤ ቁጭ ብለዋል፤ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ድምፅ የላቸውም። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሲሰበስብ በቀርከሃው ጎኔን ወጉኝ። እጄን አወጣሁ። አዳራሹ "ኡፍ!" አለ።

ፕራቲክ ደከም ባለ ድምፅ፣ "እርስዎም ስለ ሬሳ ነው?" አለኝ።

"አይደለም፣ ስለ ቤት ነው። እዚያ ሰፈር ሰው የሚኖርበት ቤት ይቅርልን።"

"ለስንት ሰው?"

"ለአራት" አልኩት።

ከኋላ አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ ነጭ የሐዘን ልብሴን ሲያዩ ተዉት። ፕራቲክ ብዕሩን ይዞ ቀረ፤ ጻፈም አልጻፈም አላየሁም። ተቀመጥኩ።

ክቡርነታቸው ጆሮዬ ስር ጠጋ ብለው በዚያ በሰለለ ድምፃቸው፣ "አሳጠርካት" ብለው ተቆጡኝ።