አልቻልኩም ማለት የማያውቁት ጋሽ ታረቀኝ

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ካቻቢቴው ነው። እሑድ ጠዋት ነበር፤ የቀጨኔ መድኃኔዓለም ቅዳሴ አልቆ ሰው በየጉራንጉሩ ይበተናል። ሰውየው ነጭ በነጭ ለብሰው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ግን ቢጫ እጀታ ያለው ካቻቢቴ ተሰክቶ፣ በነጠላው እጥፋት መካከል ብቅ ብሎ መንገደኛውን ይቃኛል። ቅዳሴ ላይ ምን ሊፈቱበት ይሆን ብዬ ሳልጨርስ የአንድ ግቢ የቆርቆሮ በር ሲጢጥ አለ። ሰውየው ባሉበት ቆሙ። የሕፃን ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም አንገታቸውን ዘመም አድርገው ጥቂት ሰሙና፣

«እስቲ አንዴ ልየው» አሉ። ለማንም አይደለም፤ ለበሩ ነው።

በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቀበሌው ወረዳ ቢባል፣ መንገዱ ፈርሶ ቢሠራ፣ ተሠርቶም ቢፈርስ፣ በየሰፈሩ አንድ እሱ አለ፤ የተበላሸ ነገር ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ፣ ያልተበላሸ ነገር ሲያይ ደግሞ የሚጠራጠር። የእኛው ክቡር ጋሽ ታረቀኝ ናቸው፤ የጉለሌ ብሎኖች የበላይ ጠባቂ፣ የማጠፊያዎች አባት፣ የላላ ነገር ሁሉ ጠበቃ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን ጠጋኝ ነበሩ። ፋብሪካው ጡረታ አወጣቸው፤ እሳቸው ግን ጉዳዩን እንደ ሐሜት ቆጥረው አልተቀበሉትም።

አንድ ቀን ወደ አዲሱ ገበያ በሚሄድ ሚኒባስ አብረን ተሳፈርን። በሩ በደንብ አይዘጋም፤ ረዳቱ በእጁ ይዞት ይሄዳል። ጋሽ ታረቀኝ አንድ ፌርማታ ቻሉ። ሁለተኛውን ግን አልቻሉም። «አቁመው!» አሉ ሹፌሩን፤ ሰው የሚወርድ መስሎት አቆመ። አሥራ ሁለት ተሳፋሪ አስፋልት ዳር ተሰልፈን በሩ ተነቅሎ ሲተኛ፣ ሲቀባ፣ ሲመለስ አየን። አንዲት ሴትዮ «ሥራ ረፈደብኝ እኮ!» ብትላቸው፣ «በር በሌለው መኪና ሄደሽ ቀድመሽ ሰማይ ቤት ከምትገቢ ብትዘገዪ አይሻልም?» አሏት። በሩ ከዚያ ወዲያ በጣት ይዘጋል። አከፋፈቱ ነው ያስቸገረው።

የባለ ሱቋን የዘሀራን ፍሪጅ ጠግነው ሲጨርሱ መሬት ላይ ሁለት ብሎኖች ተረፉ። «ጋሼ፣ እነዚህስ?» አለቻቸው። «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» አሉ፣ ቅር ሳይላቸው። የእኔን ጠረጴዛ ደግሞ አንዱ እግሩ ስለሚወላገድ ብቻ አዩልኝ። አሁን አይወላገድም። ከጣውላው ወለል ጋር በሚስማር አጣብቀውታል፤ ቤት የለቀቅሁ ዕለት ምን እንደምሆን አላውቅም።

ይህን ሁሉ ጉልበት ሰፈሩ ብቻውን አይችለውም ነበር። ደግነቱ መጋዘኑ አለ። የእድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮችና ትልልቅ ድስቶች የሚቀመጡበት ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። አምስት ስድስት ጡረተኞች የእድሩን ሰብሳቢ ጋሽ ኃይለ ማርያምን አስፈቅደው በአንዱ ጥግ የሥራ ጠረጴዛ ተከሉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይሰበሰባሉ። ደስታው የሚስቶቻቸው ነው፤ ቤት የዋለ ጡረተኛ በአራተኛው ቀን የሽንኩርት አከታተፍ ላስተምር ማለት ይጀምራል።

የመጣላቸውን ሁሉ ይሠራሉ። የተሰበረ ክራንች፣ ጭስ የሚተፋ ምድጃ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴትዮ በር፣ ክረምት ሳይገባ የሚያፈስ ጣሪያ። ከጎረቤት ገንዘብ አይቀበሉም፤ ዳቦ ይዞ የመጣ ግን አይመለስም። እኔ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ላያቸው እሄዳለሁ። ስለ ራሳቸው አንድም ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ግን «ሚስማር አቀብለኝ» በሚሉበት በዚያው ድምፅ «ኪኒንህን ዋጥክ?» ይባባላሉ። የተጠየቀው ሳያያቸው «ዋጥኩ» ይላል፤ መዶሻው ይቀጥላል። ሰው እንዲህም ይጠያየቃል ለካ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

በመጋዘኑ ውስጥ የጋሽ ታረቀኝ ባላንጣ ጋሽ ኢሳይያስ ነበሩ። ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው መጥተው ሽሮ ሜዳም እዚህም ሲሸምኑ የኖሩ ቀጭን ሰው ናቸው።

«ታረቀኝ፣ አንተ የሠራኸው ነገር ሁሉ ይጮኻል» ይላሉ ጋሽ ኢሳይያስ።

«ያንተ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል!»

«ሰው ሲሞት በምን ይከፈናል? በብረት ነው?»

«እሱንማ ሳጥኑን ማን መታው ብለህ ጠይቅ!»

እንዲህ ሲጨቃጨቁ ይውሉና ማታ አንዱ ሌላውን እቤቱ በር ድረስ ይሸኛል።

ሚያዝያ ላይ የጋሽ ኢሳይያስ ባለቤት እትዬ የሺመቤት አረፉ። እድሩ ቀበራቸው፤ ድንኳኑ ተተከለ፣ ተነሳ። በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ኢሳይያስ ወደ መጋዘኑ መጡ። ሁሉም ብድግ አለ። እኛ ጋ ሐዘንተኛ ዕቃ አያነሳም፤ ወግ ነው። ወንበር ሊያነሱ ሲሉ አንዱ ተቀበላቸው፤ «አንተ ተቀመጥ።» መጋዝ ሲይዙ ሌላው ነጠቃቸው፤ «ኧረ አንተ አረፍ በል።» ውሃ ለመቅዳት ሲነሱ ሦስት ሰው ተነሳ። ሳምንቱን እንዲህ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ ቀሩ። አርባው ወጣ፤ አልመጡም። ከቤትም አይወጡም፤ ምግቡም እንደ ቀረበ ይመለሳል ተባለ። ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው ክረምቱ ሳይበረታ መጥታ ልትወስዳቸው እንደሆነ ሰማን። ከዚህ ሰፈር ወጥተው ማንንም በማያውቁበት ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሊውሉ።

ክቡርነታቸው ይህን ሲሰሙ ምን አደረጉ? የሚያውቁትን አደረጉ። መሣሪያቸውን ይዘው ጋሽ ኢሳይያስ ቤት ዘመቱ። ሰኞ ቧንቧውን፣ ማክሰኞ በሩን፣ ረቡዕ አልጋውን፣ ሐሙስ መብራቱን። ጋሽ ኢሳይያስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያዩአቸዋል፤ አይናገሩም። ዓርብ በቤቱ ውስጥ ሊጠገን የሚችል አንድም ነገር ጠፋ። ያን ጊዜ ጋሽ ታረቀኝ ወደ ሽመና ዕቃው ዞሩ። ሚያዝያ ላይ የተጀመረ ነጭ ሸማ እንደተወጠረ ቀርቷል። ክሩን የሚያመላልሰውን መወርወሪያ አነሱ፣ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ሸካራ መሰላቸው። የማሽን ዘይት ቀቡት።

ሸማኔ ቤት የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ የነጭ ክር መወርወሪያ ላይ ዘይት መቀባት እንጀራ ላይ ናፍጣ እንደመርጨት ነው። ክሩ ዘይቱን ጠጣው፤ ክሩ ሸማውን ነካው፤ ቢጫው እየሰፋ ሄደ። ጋሽ ታረቀኝ ዘወር አሉ፤ ስድብ ጠበቁ። ጋሽ ኢሳይያስ ቢጫውን ጠብታ አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ምንም አላለኝም!» አሉ ጋሽ ታረቀኝ፣ ዘሀራ ሱቅ ደጃፍ ላይ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደዱ። «ሰማሽ? መወርወሪያውን ዘይት ቀባሁት፣ ምንም አላለኝም! ቢደበድበኝ እኮ ይሻለኝ ነበር። ምን ቀረኝ ያላየሁት? ጣሪያውን ልየው ይሆን?»

ዘሀራ ስኳር እየሰፈረች ነበር፤ መስፈሪያዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«ሰውየው ያጣው ሚስቱን ነው፤ እጁን አይደለም። እናንተ ግን ተባብራችሁ እጁንም ቀበራችሁት።»

ጋሽ ታረቀኝ መንጎራደዱን አቆሙ። እኔ እሳቸውን የሚጠግኑት ሳይኖር ቆመው ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ብዙ ደቂቃ ቆሙ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ተራመዱ፤ ተከተልኳቸው።

የእድሩ ድንኳን መሬት ላይ ተዘርግቷል። በሰኔ መግቢያ ነፋስ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ተቀዶ ነበር። እሳቸው ነበሩ የጠገኑት፤ በማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭና በሽቦ። ሽቦው እዚያም እዚህም ቀና ቀና ብሏል። ጋሽ ኃይለ ማርያም ሲያዩት «ይህን ለቅሶ ላይ ብንተክለው ሟቹ ተነስቶ ይስቃል» ብለው ነበር፤ ጋሽ ታረቀኝም ሦስት ቀን አኩርፈዋቸዋል። አሁን ያንኑ ድንኳን ማጠፍ ጀመሩ።

«በዚያ በኩል ያዝልኝ» አሉኝ።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ኢሳይያስ ጋ።»

ድንኳን ከባድ ነው። በጠባቧ መንገድ ከፊትና ከኋላ ተሸክመን ስንሄድ፣ ከፊት ያሉት ጋሽ ታረቀኝ የሆነ ነገር ያነበንባሉ። ጸሎት መስሎኝ ጆሮዬን አቀናሁ። «አልቻልኩም» ይላሉ። ጥቂት ይራመዱና ደግሞ፣ «አልቻልኩም... ኢሳይያስ፣ እኔ እኮ አልቻልኩም...» በሰባ ዓመታቸው አዲስ ቋንቋ እንደሚለማመድ ሰው ቃሉን ወዲያ ወዲህ ያገላብጡታል፤ አፋቸው አልገጥም ብሏቸዋል። ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁም።

ጋሽ ኢሳይያስ እንደ ሁልጊዜው አልጋው ጠርዝ ላይ ነበሩ። ድንኳኑን እግራቸው ሥር አወረድነው፤ ጋሽ ታረቀኝ የተቀደደውን ቦታ ገለጡት።

«ኢሳይያስ» አሉ። ቆም አሉ። ሙሉ ሰውነታቸው ይቁነጠነጣል። «ይሄን... ሞክሬው ነበር። አልቻልኩም።»

ጋሽ ኢሳይያስ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። አንዱን ሽቦ በጣታቸው ነኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽቦ።»

«ሸራ ላይ?»

«ሸራ ላይ።»

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ።»

«ሽቦ!» አሉ ጋሽ ኢሳይያስ። ድምፃቸው ለረጅም ጊዜ እንዳልተከፈተ በር ነበር። «ሸራን በሽቦ! መወርወሪያዬንም አንተ ነህ ዘይት የቀባኸው!»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው አይደለህም! ያንን ሸማ የጀመርኩት ለሷ ነበር፣ ለየሺ! ምነው፣ እጅ ያለው ሰው አንተ ብቻ ነህ? ሁላችሁም ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ! እኔ ሽባ ነኝ?» እንባቸው እየወረደ ሽቦውን ይነቅላሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እየነቀሉ ወደ ጋሽ ታረቀኝ እግር ይወረውራሉ። ጋሽ ታረቀኝ ቀጥ ብለው ቆመው ስድቡን እንደ ዝናብ ተቀበሉት። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

ሽቦው ሲያልቅ ጋሽ ኢሳይያስ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «እዚህ ብርሃን የለም» አሉ። «የመጋዘኑ ጠረጴዛ ይሻላል። ምን ትገተራለህ? ተሸከም!»

መጋዘኑ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለ፤ አንዱ ድንኳኑን ለመቀበል፣ ሌላው ወንበር ለማቅረብ እጁን ዘረጋ። «እንዳትነኩት!» ብለው ጋሽ ታረቀኝ ጮኹ። ጋሽ ኢሳይያስ ወንበራቸውን ራሳቸው ሳቡ። የጆንያ መርፌ ተገኘ። በቀዳዳው ላይ ክር በአንድ በኩል ዘረጉ፣ በሌላው በኩል አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ ይመልሳሉ። እየሰፉ አይደለም፤ እዚያው ቀዳዳው ላይ እየሸመኑ ነው። አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ ለመድፈን ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ክቡርነታቸው በዚህ ሁሉ ጊዜ የደረሰባቸውን መከራ ልገልጸው አልችልም። ተቀመጡ፣ ተነሱ። እጃቸውን ብብታቸው ሥር ቀበሩት፤ አምልጦ ወጣ። መርፌው ከሸራው ጋር በታገለ ቁጥር ትከሻቸው አብሮ ይገፋል። በመጨረሻ አልቻሉም፤ ጎንበስ አሉ።

«እስቲ አንዴ ል...»

«እጅህን ሰብስብ!» አሉ ጋሽ ኢሳይያስ ቀና ሳይሉ። «ዝም ብለህ አትተንፍስብኝ፤ ክር አልቋል። አዲሱ ገበያ ሂድና ወፍራም የጥጥ ክር አምጣ።»

ሄዱ። እየሮጡ ነው ማለት ይቻላል። ላብ በላብ ሆነው ተመልሰው ክሩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት፤ ናይለን ነበር። «ይሄ አይበጠስም፣ ጠንካራ ነው» አሉ በኩራት። ጋሽ ኢሳይያስ በሁለት ጣታቸው አንስተው እንደ ሞተ አይጥ አዩት።

«ጥጥ አልኩህ። ይሄ ሸራውን ይቆርጠዋል። መልሰህ ቀይር።» ከሸራው ላይ የክር ቁራጭ ሳቡና ሰጧቸው። «ይሄን የመሰለ። ካላወቅህ ጠይቅ። እኔ ነገም እዚሁ ነኝ፤ ነገ እንዳትለኝ ግን፣ ዛሬ አምጣ።»

መጋዘኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያቺን «ነገም እዚሁ ነኝ» ሰምቷታል። ማንም ቀና አላለም። የሆነ ሰው «ሚስማር አቀብለኝ» አለ።

ጋሽ ታረቀኝን በሩ ላይ ደረስኩባቸው። ጉልበታቸውን እያሹ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ። እኔ ልሂድልዎት።»

ዞረው አዩኝ፤ ዕቃቸውን ልነጥቃቸው እንደመጣሁ ነው ያዩኝ።

«አንተን ማን ላከህ?» አሉኝ። «እኔን ነው የላከኝ።»

ቁራጯን ክር በሁለት ጣታቸው እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገው ከፊታቸው ያዙ፣ በመንገዱ መሀል ወደ አዲሱ ገበያ መራመድ ጀመሩ፣ ሰዉም መንገድ ለቀቀላቸው።