መርዶ ይዞ ሽርሽር

ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ሰው መንገድ ላይ ካጋጠማችሁ፣ ሰላምታውን አሳጥራችሁ ብታልፉ ይሻላችኋል። ካቆማችሁት አለቀላችሁ። በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ደረጃው ራሱ ይወጣል፣ አውቶቡስ መጠበቂያው በመስታወት ተዘግቶ ቀዝቃዛ አየር ይነፋበታል እያለ የወጣችሁበትን ጉዳይ ያስረሳችኋል። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ልዩነቴ፣ ጉዳይ ያስረሳሁት ሌላውን ሳይሆን ራሴን መሆኑ ነው። ያውም እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ ጉዳይ አልነበረም። መርዶ ነበር።

ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጫማ እሸጣለሁ። ታናሽ እህቴ ዘሃራ ዐረብ አገር፣ ሻርጃ ናት፤ ሰው ቤት ሠርታ ሠርታ አሁን ልብስ ስፌት ቤት ገብታለች። «አያ፣ አንድ ጊዜ እንኳ መጥተህ አገሩን እየው» ስትለኝ፣ ሱቁን ለማን ጥዬ እያልኩ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ከዚያ አባታችን ሞተ። ዕድሜውን ሙሉ ከሐይቁ ዓሣ ሲያወጣ የኖረ፣ ሳቁ ከታንኳው ቀድሞ ዳር የሚደርስ ሰው ነበር።

እንደምታውቁት እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ሰው ይላካል። የተላከው ሰው እዚያ ያሉትን የአገር ልጆች ይሰበስባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ቀስ አድርጎ ይናገራል። ዘሃራ ደግሞ ለአባቷ ብቸኛ ሴት ልጅ ናት። «በስልክ ሰምታ ብቻዋን ወለል ላይ እንዳትወድቅ፤ ሂድና አንተው ንገራት» አሉኝ ሽማግሌዎቹ። እሺ ብዬ ተነሣሁ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስትቀበለኝ አንገቴን አቅፋ ብዙ አለቀሰች። ናፍቆት ነው አልኩ። «ከአሠሪዬ ፈቃድ ወስጃለሁ» ስትለኝም፣ አቤት የወንድም ፍቅር፣ እኔን ልታስጎበኝ አልኩ። እንዲህ ተደስታ ዛሬ እንዴት እነግራታለሁ? ነገ ይሻላል።

ነገ ግን ያ ራሱ የሚወጣው ደረጃ መጣ። አንድ እግሬን አስቀድሜ ሌላው ሲያመነታ፣ አንደኛው እግሬ ጥሎኝ ወደ ላይ ሄደ። ዘሃራ በክንዴ ይዛ አተረፈችኝ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም! ወርጄ ደግሜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አገሩ እኔን ለማስገረም የተሠራ መሰለኝ። መስጊዱ በር ላይ አላፊ አግዳሚው ከፍቶ የሚጠጣበት ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ፍሪጅ ቆሟል። ውድ ውድ ጫማ ያለ ጠባቂ ተደርድሯል፤ ጫማ ነጋዴ ነኝና ሰላቱን የጨረስኩት ግማሽ ልቤ በር ላይ ሆኖ ነው፣ አሏህ ይቅር ይበለኝ። ዓሣ ገበያ ገብተን በበረዶ ላይ የተጋደመውን ሁሉ ሳይ ሻጩን በምልክት የሐይቃችን ዓሣ ቆሮሶ እንዳለው ጠየቅኩት። ዘሃራ ዓሣዎቹን እያየች ቆመች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ምነው?» አልኳት። «በረዶው ነው» አለች። በረዶ ዓይን እንደሚያስለቅስ ያን ዕለት ተማርኩ።

ስለ አባዬ አንድም ጊዜ አለመጠየቋን አስተውያለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ከመዋሸት ዳንኩ አልኩ።

በዚህ ሁሉ ላይ የሰዉ አቀባበል! ከመግሪብ በኋላ ዘሃራ ከጓደኞቿ ጋር የምትኖርበት ቤት በሐይቅና በአምባሰል ልጆች ይሞላል። አንዱ ሩዝ ይዞ፣ አንዷ ዳቦ ይዛ ይመጣሉ። እንግዳ አክባሪነታቸው ባሕር ተሻግሮም አልጠፋም ብዬ ኮራሁ። አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ፤ ገብተው ዝም ይላሉ። ስደት የሰውን ጨዋታ እንዲህ ያደርቃል እንዴ ብዬ አዘንኩላቸውና ላጫውታቸው ተነሣሁ። ደረጃው እንዴት ጥሎኝ እንደሄደ ቆሜ በእግሬ አሳየኋቸው። ፈገግ አሉ። ወደ ማብቂያው ሁሉም እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። በሰላም በመግባቴ ነው ብዬ ከሁሉም ጮክ ብዬ አሚን አልኩ።

እንዲህ እያልኩ የመመለሻዬ ዋዜማ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ነገ የሚባል አልነበረኝም። የማድረው የአምባሰሉ ልጅ ሰዒድ ክፍል ነበርና ጎን ለጎን ተቀምጠን ጫማችንን ስናወልቅ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሰዒድ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ልጆቹን ሰብስብልኝ። ለዘሃራ የምነግራት ክፉ ወሬ ይዤ ነው የመጣሁ» አልኩት።

አንዱን ጫማ እንደያዘ ቀረ።

«የአባባን ነው፣ አያ እንድሪስ?»

«ማን ነገረህ?»

«ኧረ ወላሂ፣ እኛ እኮ ለቅሶ ነው የተቀመጥን። መጀመሪያ ቀን ሊናገሩ ነው ብለን ተሰብስበን ነበር። አንቱ ስለ ደረጃው ጀመሩ።»

ሩዙ የለቅሶ ነበር። ፈቃዱ የሐዘን ፈቃድ ነበር። ዱዓው ለገዛ አባቴ ነበር። እኔ በአባቴ ለቅሶ ላይ ቆሜ እግሬን እያነሣሁ ጨፍሬያለሁ።

ሲነጋ ዘሃራ ዘንድ ሄድኩ። መርዶውን ትቼ ከሁሉ የባሰውን ጥያቄ ጠየቅኋት፦ «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መርዶ ነጋሪ፣ እኔ ልንገርህ?» አለች። «ገና ጀናዛው ሳይወጣ፣ ሞተ ብለው የለጠፉትን የአባዬን ፎቶ ስልኬ ላይ አየሁት። ባላየውስ፣ ሱቅህን ጥለህ የምትመጣው ሌላ ለምን ኖሯል፣ አያ?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስቀልድ...»

«ስትስቅ አባዬን ትመስላለህ። እንዳታቆም ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ደግፋ የያዘችኝ መርዶ የተላከላት እህቴ ነበረች።

ሐይቅ ስገባ ሽማግሌዎቹ ጠበቁኝ። እንዴት ሆነች አሉ። በሶብር፣ ችላ ተቀበለችው አልኩ፤ ቃሉ ሐሰት የለበትም። ወለል ላይ ሳትወድቅ? ሳትወድቅ። ቤቱ በአድናቆት ተሞላ። ወሬው ውጫሌ ለመድረስ አልዘገየም፤ ሰሞኑን ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሱቄ ድረስ መጡ። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ሻርጃ ነው፤ አልሰማም ይላሉ።

«እንዳንተ ልብ ሳያስደነግጥ የሚያረዳ የለም አሉኝ፣ ልጄ። ሄደህ ንገርልኝ» አሉ።

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀምረዋል። ይኸኛው ዱዓ በእርግጥ ለእኔ ነበር። አሚን ያልኩት ግን ለራሴም እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ ነው።