የጋሽ መኩሪያ ግራ ጎን

መስታወት ፊት ቆማችሁ የራሳችሁ ዓይን ሲንቀሳቀስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔም አላውቅም። ባለፈው ፀጉር ቤት ተራ ስጠብቅ ሞከርኩት። ግራ ዓይኔን አየሁ፣ ከዚያ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። ዓይኔ እየተመላለሰ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሲሄድ ግን አንድም ጊዜ አልያዝኩትም። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እንዲሞክርልኝ ለመንኩት። የእሱ ዓይን ከወዲህ ወዲያ ሲዘል ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የማላየው የራሴን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሞክሬ ማመን ስለማልወድ ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገምኩት። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ፣ ወንድሜ ያመመህ ነገር አለ እንዴ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያነበብኩትን ነው የምላችሁ። ዓይን በሚዘልበት ቅጽበት የሚያየው ሁሉ ድብዝዝ ስለሚል፣ አእምሮ ያቺን ቅጽበት ቆርጦ ይጥላታል። የቀረውን ይቀጥልና ስፌቱ ሳይታይ ያቀርብልናል። ይሄ በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሆናል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ስንት ነገር ተቆርጦ ይወድቃል? ማንስ አስፈቀደን?

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ስለ ጋሽ መኩሪያ ልንገራችሁ።

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈራችን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚገባው የኮብልስቶን መንገድ፣ ከእኛ ቤት ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ነው የሚኖሩት። ትንሽ ዝቅ ብሎ ነጠላና ጋቢ የሚሸጡት የእትዬ ወርቄ ሱቅ አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እነሱን አይቶ ነው ብላችሁ አልከራከርም። የአንዳቸው ልጅ በሌላው ቤት እየበላ ነው ያደገው።

አንድ ቀን ታዲያ ጋሽ መኩሪያ በሱቁ በኩል ሲያልፉ፣ እትዬ ወርቄ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ጋሽ መኩሪያ ዝም ብለው አለፉ። ሰላምታ የእግዜር ነው። እኛ ሰፈር ሰላምታ ከመንፈግ መሳደብ ይሻላል፤ ስድብ ቢያንስ መልስ አለው። ጎንበስ እንዳለ የቀረ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

እትዬ ወርቄ በሳምንቱ ዕድሩ ዘንድ መጥተው፣ ወይ ይቅርታ ይጠይቁኝ ወይ ስሜን ሰርዙልኝ አሉ። ጋሽ መኩሪያ ደግሞ፣ ያላየሁትን ሰው ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ አሉ። ዕድሜ ልኩን በከተማው ግርግር አውቶቡስ የነዳ ሰው “አላየሁም” ሲል ማን ያምነዋል? ማንም አላመነም። እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ የተባለውን እንዳለ መጻፍ ነው። ጻፍኩት። ግን ያቺ “አላየሁም” የምትለው ቃል ከነከነችኝ። እውነት ቢሆንስ?

ለማረጋገጥ አሥር ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገዳቸው ላይ ቆምኩ። አንድ ቀን በቀኛቸው፣ አንድ ቀን በግራቸው። ድምፅ አላሰማም፤ እጄን ብቻ አነሳለሁ። በቀኝ ስቆም አምስቱንም ቀን ቆባቸውን ነካ አድርገው፣ እንደምን አደርክ ልጄ አሉኝ። በግራ ስቆም አምስቱንም ቀን እንደ መብራት እንጨት አለፉኝ። መጀመሪያ እኔንም ተቀይመውኝ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ነገር ግን ማክሰኞ ተቀይሞ፣ ረቡዕ ታርቆ፣ ሐሙስ መልሶ የሚቀየም ሰው የት ይገኛል?

እሑድ ሁለቱን ለማስታረቅ ዕድሩ የመረጣቸው ሽማግሌዎች ከእትዬ ወርቄ ጋር ጋሽ መኩሪያ ግቢ ተሰበሰቡ። ከመጀመራችሁ በፊት ትንሽ ነገር ላሳያችሁ ብዬ አስፈቀድኩና፣ ከደብተር የተገነጠለ ባለመስመር ወረቀት ለሁሉም አደልኳቸው። እያንዳንዱ ላይ በስተግራ ትንሽ መስቀል፣ በስተቀኝ አራት ጣት አለፍ ብሎ ጥቁር ነጥብ አድርጌያለሁ። ሁለቱም ያሉት አንድ መስመር ላይ ነው። ግራ ዓይናችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ፣ በቀኙ መስቀሏን ብቻ ተመልከቱ፣ ከዚያ ወረቀቱን ቀስ እያላችሁ ወደ ፊታችሁ አምጡት አልኳቸው።

እስቲ አስቡት። አራት የተከበሩ ሽማግሌዎች አንድ አንድ ዓይናቸውን ይዘው ወረቀት ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። በአጥር ላይ ያየን ሰው ካለ መሐላ እየፈጸምን መስሎት ይሆናል። አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ሲቀር የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ በየነ እጃቸው ቆመ።

“ጠፋች” አሉ።

“ነጥቧ ናት?”

“ነጥቧ። ነበረች እኮ።” ወረቀቱን አራቁት፤ ተመለሰች። አቀረቡት፤ ጠፋች። “መስመሩ ግን አለ። ነጥቧ ከሄደች እሷ የነበረችበት ቦታ ላይ መስመሩን ማን አሰመረው?”

“እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ጋሽ በየነ።”

“እኔ እስክርቢቶ አልያዝኩም።”

እኔም መጀመሪያ ስሞክረው እንዲሁ ነበር የሆንኩት። የማየት ነርቩ ከዓይናችን ጀርባ በሚወጣበት ስፍራ ዓይን አያይም። ሁላችንም ከተወለድን ጀምሮ በእያንዳንዱ ዓይናችን ላይ ቀዳዳ አለን። ቀዳዳውን ግን አይተነው አናውቅም። አእምሮ በዙሪያው ያለውን ያይና፣ ነጭ ከሆነ ነጭ፣ መስመር ከሆነ መስመር አድርጎ ይሞላዋል። ይሄን ሁሉ ሲሠራ ላብ አያልበውም፣ ሠራሁ ብሎም አይነግረንም። ሥዕሉን ሠርቶ ስሙን የማይጽፍ ሠዓሊ እኛው ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ሰው ይሄን ተሸክሞ በታክሲ ሰልፍ ይጣላል።

እትዬ ወርቄ ወረቀቱን ደጋግመው ሞከሩት። ከዚያ፣ ይሄን የሚያህል ነጥብ ፊቴ ላይ እያለ ካጠፋብኝ እሳቸው ላይ እኔን ቢያጠፋኝ ምን ይገርማል አሉና ተነስተው የጋሽ መኩሪያን ትከሻ ሳሙ። ዕርቁ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ገና ምክር እንኳ አልጀመሩም ነበር።

ጋሽ መኩሪያ ግን ከወረቀታቸው ቀና አላሉም። መስቀሏ በቀኝ እንድትሆን አዙረውት በግራ ዓይናቸው እየሞከሩ ነበር። ለሌሎቻችን ወረቀቱ ሲርቅ ነጥቧ ትመለሳለች። እጃቸውን እስከ መጨረሻው ዘረጉ። ለእሳቸው አልተመለሰችም።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። የዓይን ግፊት ነው ተባለ፤ ግላኮማ የሚሉት። የግራው ነርቭ አብዛኛው ሞቷል። የቀኙም መሞት ጀምሯል። ቀኙ ወደ ግራ እንዳያግዝ ደግሞ አፍንጫ ይከልለዋል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን አለች ሐኪሟ። ትንሽ ብትዘገዩ ግን የማቆየው አይኖረኝም ነበር አለች። ከዚያ በግራዎ በኩል ጨለማ ይታይዎታል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

“ኧረ ምን ጨለማ አለ” አሉ ጋሽ መኩሪያ። “ሙሉ ነው። ግድግዳው አለ፣ መንገዱ አለ።”

ሰው ዓለም በግማሽ ሲቀነስበት እንዴት አያውቅም? እኔ እስከ ዛሬ ይሄን አስቤ አልጨረስኩም። የጎደለውን ለማየትም ዓይን ያስፈልጋል፤ የጎደለው ደግሞ እሱ ነው።

ሰፈሩ ወሬውን ሲሰማ አዲስ ሥርዓት ወጣ። ጋሽ መኩሪያ ሲያልፉ ሁሉም ከሩቅ “በግራዎ ነኝ!” ይላል። በቀኛቸው ያለው እንኳ ለይሉኝታ ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ፌርማታ አብረን ስንወርድ በቀኛቸው ነበርኩ። ቀስ ብለው፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትጽፈው ብቻ አሉኝ።

“ያን ቀን ወርቄ የነበረችው በቀኜ ነው።”

ቆምኩ።

“ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሱቋ በግራዬ ነው። ያን ቀን ግን እየተመለስኩ ነበር። አይቻታለሁ።”

አሥር ጠዋት ቆሜ፣ ቀኝና ግራውን መዝግቤ፣ ያን ቀን እየሄዱ ነው እየተመለሱ ብዬ አልጠየቅኩም። ታዲያ ለምን ዘጓቸው አልኳቸው። ልጇን ስትድር በቴሌግራም ጠራችኝ አሉ። ከሱቋ እስከ ደጄ ሃያ እርምጃ ነው፤ ካርዱን በእጇ ብታመጣ እግሯ ይሰበር ነበር? ከዚያ አሰብ አደረጉና፣ እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ግን አንተ አትመራመርም፣ እኔም ዓይኔን አጣለሁ፤ የዋሸሁት አተረፈኝ አሉ። የምራቸውን እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸው ላይ አፈጠጥኩ።

“እንዴት አድርጌ እንዳየኋት ልንገርህ?” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “የነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ ነበር። አሁንም ፊቴ ላይ አለ።”

ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ እኔም ማን አጠገባችን እንደደረሰ አላየሁም። እትዬ ወርቄ የጋሽ መኩሪያን ክንድ ያዝ አድርገው ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ጠርዝ መለስ አደረጓቸው።

“በግራዎ ነኝ፣ ጋሽ መኩሪያ” አሉ። “ጥለቱ ደግሞ ቀይ ነበር።”