ማንም የማይሻገረው ወንዝ

መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ እንደ ወንዝ መሻገሪያ ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ያለ ግን ገና አልተፈጠረም። ስድስት ክፍል፣ አሥራ አራት ወንበር፣ ሲከፍቱት የሚያለቅስ የብረት ቁም ሳጥንና ሁለት መሐንዲሶች አሉት። ድልድይ ብቻ የለውም። እሱም ቢሆን በጥናት ላይ ነው።

አዋላጇ ይህን ታላቅነት ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶባታል። ጤና ጣቢያዋ ከወንዙ ወዲህ፣ ነፍሰ ጡሮቿ ከወንዙ ወዲያ ስለሆኑ ክረምት በመጣ ቁጥር ልቧ ተሰቅሎ ይከርማል። ዘንድሮ ደግሞ ማዶ የተዳረችው አንድያ ልጇ የበኩሯን አርግዛለች፤ ቀኗ የሚደርሰውም በክረምቱ እኩሌታ ነው። ስለዚህ በጋውን ሙሉ የጽሕፈት ቤቱን ደጅ ስትጠና ከረመች። ኃላፊው ርኅሩኅ ሰው ናቸውና አዘኑላት፤ ሐዘናቸውንም በጥናት ገለጹ።

«ሲስተር፣ ድልድይ በእንባ አይሠራም፤ በመረጃ ነው። መጀመሪያ የሚሻገረው ሰው መቆጠር አለበት።»

«መቼ ነው የሚቆጠረው?»

«ችግሩ ሲብስ ነዋ! በክረምት። እኛ እኮ ችግርን ከሥሩ ነው የምናጠናው።»

ቆጣሪ ተላከ። ቆጣሪው ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው፣ ጃንጥላውንም ትእዛዝንም አጥብቆ የሚይዝ ሰው ነው። ወንዙ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ በሚወርድበት ሳምንት ዳር ላይ በርጩማ አስቀምጦ ሰባት ቀን ሙሉ ቆጠረ። ከማዶ ሰዎች ቆመው እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። ለሚያውለበልቡ ሰዎች ቅጹ ላይ ቦታ ስላልተተወላቸው አልመዘገባቸውም።

በስምንተኛው ቀን ውጤቱ አዋላጇም በተገኘችበት ስብሰባ ላይ ቀረበ። የተሻገረ ሰው ብዛት፦ ዜሮ።

«እንግዲህ» አሉ ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ማንም ለማይሻገረው ወንዝ ድልድይ መሥራት የሕዝብን ሀብት ውኃ ላይ መጣል ነው።»

«ጌታዬ፣ ያልተሻገሩት እኮ ድልድይ ስለሌለ ነው!» አለች አዋላጇ።

«ይሄ አስተያየት ነው ሲስተር። ዜሮ ግን ቁጥር ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ዜሮዋ ማኅተም ተመታባት። ይሁንና ጽሕፈት ቤቱ ጨካኝ አይደለም። ለሕዝቡ ደኅንነት ሲባል «ወንዙን በጥንቃቄ ይሻገሩ» የሚል የብረት ሰሌዳ ማዶ ላይ እንዲተከል ተወሰነ። የሰሌዳው ፋይዳ እንዲታወቅም ቆጣሪው ዕለት ዕለት እየቆጠረ ኃላፊውን እንዲያስፈርም ታዘዘ።

በምረቃው ጠዋት ዝናቡ ጋብ ብሎ ወንዙ ከጉልበት በታች ወርዶ ነበር። ኃላፊው፣ ቆጣሪውና ሌሎች ተከታዮቻቸው ጫማቸውን መኪናው ዘንድ ትተው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ድንጋይ በድንጋይ ተሻገሩ። አዋላጇም ቦርሳዋን ተሸክማ ከኋላቸው ተከተለች፤ ልጇን ምጥ ከንጋት ጀምሮ እንደያዛት ከማዶ ጮኸው ነግረዋታል። ንግግሩን ሳትሰማ ሽቅብ ወደ ልጇ ቤት ሮጠች።

ኃላፊው ግን ተናገሩ። ረዘም አድርገው ተናገሩ። «የዘመናት የመሻገር ጥያቄ ዛሬ ምላሽ አገኘ!» ሲሉ ላይኛው አገር የዘነበው ዝናብ ደረሰ። ውኃው መጀመሪያ ድንጋዮቹን ዋጠ፣ ከዚያም ቀለሙ ገና ያልደረቀውን ሰሌዳ ነቅሎ በጥንቃቄ ይዞት ወረደ።

ከሰዓት በኋላ አዋላጇ እጇን እያደራረቀች ወደ ዳር መጣች። ፊቷ በርቷል፤ ልጇ በሰላም ተገላግላ ሴት ልጅ ታቅፋለች። ኃላፊው በባዶ እግራቸው ጭቃው ላይ ቆመዋል።

«ሲስተር! እንዴት ነው የምንሻገረው?»

«እስኪጎድል መጠበቅ ነው ጌታዬ። አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ ሳምንት።»

«ሳምንት? የግፊት መድኃኒቴ እኮ መኪናው ውስጥ ነው! ሰው እንዴት እንዲህ ሆኖ ይኖራል?»

«እኔም ይህንኑ ስጠይቅዎት ነው የከረምኩት» አለች። «ግድ የለም፣ ቦርሳዬ ውስጥ መድኃኒት አለኝ። ደግነቱ እኔ ወዲህ ነኝ።»

«ድልድይ ያስፈልጋል!» ብለው ጮኹ ኃላፊው፣ በሁለት እጃቸው ወደ ማዶ እያውለበለቡ። «ዛሬውኑ!»

ይህን ጊዜ ቆጣሪው ጃንጥላውን በብብቱ ሸጉጦ፣ የዕለቱን ቅጽ በአክብሮት ዘረጋላቸው።

«ከምረቃው ወዲህ የተሻገረ፣ ዜሮ።»

«እንዴት ዜሮ? እኔ እዚህ ቆሜ የለም?»

«ቆመዋል ጌታዬ። አልተሻገሩም። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»