ማኮብኮቢያ ላይ የተሰጣ ቡና

የበረራ ኃላፊ ነበርኩ ስል ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔ የኖርኩት መሬት መሬት ሳይ ነው። ፓይለት ማስተዳደር እንደሚወራው ከባድ አይደለም። ኩራቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ የነዳጅና የአየር ጠባይ ነገር ሲነሳ ልጓም እንደገባለት ፈረስ ጭምት ነው። አስቸጋሪው ምድር ላይ ያለው ነው።

ሞባይል ሚዛን ተፈሪ ሳይገባ፣ የአንዲት ትንሽ ቻርተር ኩባንያ ኃላፊ ሆኜ እዚያ ስሠራ፣ ጭቅጭቄ ሁሉ ከቡና ጋር ነበር። በዚያ አገር ዝናብ ሲያሰኘው ይመጣል፤ ደልዳላና ቶሎ የሚደርቅ ስፍራ ከተባለ ያለው የእኛ የጠጠር ማኮብኮቢያ ነው። ስለዚህ ለቀማ ሲደርስ ሰዉ ቡናውን እዚያ ያሰጣል። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ሽማግሌ ብሰበስብ መልሱ «እሺ» ነው። በነጋታው ቡናው ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። የሁሉም አውራ ወይዘሮ ታደለች ነበሩ፤ ባላቸው ሞተውባቸው ልጆቻቸውን በዚያች ቡና ብቻ የሚያሳድጉ ሴት።

«አንተ ልጅ፣ አውሮፕላንህ ቀን የላት። መቼ ልጠብቃት?» ይሉኛል። እንግዲህ የቻርተር ሥራ በእርግጥም ቀን የለውም፤ የጠራን ጋ ነው የምንሄደው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምጥ የጠናባት አስቴር የምትባል አስተማሪ ከጌጫ በመኪና መጣች። ያያት ሐኪም ዛሬውኑ አዲስ አበባ ካልገባች እናትም ልጅም እንደማይተርፉ ቁርጡን ነገረን። ደግነቱ ካፒቴን ዳዊት ከጋምቤላ ባዶውን እየተመለሰ ነበርና በሬዲዮ ጠራሁት። ዳመናው እየተዘጋ ስለሆነ መሞከር የሚችለው አንዴ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። ዞር ብዬ ማኮብኮቢያውን አየሁ። ከዳር እስከ ዳር ቡና!

ሮጬ ለቡናው ባለቤቶች ነገሩን አስረዳኋቸው። ጆንያ አምጥቶ ለማፈስ ጊዜ የለም፤ የአውሮፕላኑ ድምፅ መሰማት ጀምሯል። ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ወይዘሮ ታደለች ግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ አካፋ አነሱ፣ የዓመት ልፋታቸውን እየገፉ ዳር ካለው ጭቃ ውስጥ ከተቱት።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ቡና ለከርሞም ያፈራል» አሉ።

ከዚያማ ማን ይቀራል? ሁሉም በአካፋ፣ በእጁ፣ በእግሩ ሳይቀር የራሱን ቡና ጭቃ ውስጥ ጨመረ። ካፒቴን ዳዊት አንዴ ከላይ ዞረና አረፈ፤ አስቴርን ይዞም ዳመናው ሳይቀድመው ተነሳ። ሲመሽ ከአዲስ አበባ ተደወለ፤ ወንድ ልጅ ተገላገለች፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። አለቀስኩ። ለዚያ ሕዝብ ያለኝ ምስጋና እስከ ዛሬ አላለቀም።

በነጋታው ፀሐይ ወጣች። ከጭቃ የተለቀመው ቡና ታጥቦ፣ የት ተሰጥቶ እንዳገኘሁት እናንተው ታውቃላችሁ። ያን ዕለት ካልጠነፈፈ ይሻግታል። ካፒቴን ዳዊት ደግሞ ነጋዴዎች ይዞልን ሊመጣ ነው። ደንቡ የሚለው ግልጽ ነው፤ ሰዎቹን አስነሳ ነው። እኔ ግን ስልኩን አንስቼ ዛሬ ማኮብኮቢያው ለበረራ እንደማይሆን ነገርኩት።

«ዝናብ ነው?» አለኝ።

«ፀሐይ ነው።»

ትናንት ሁሉንም ከላይ ሆኖ አይቷል።

«አንድ ቀን ይበቃቸዋል?» አለኝ።